አምስተኛው ለምን

ወይዘሮ ዘነበች መሞታቸውን የነገረችኝ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አብረን ሠርተናል። እኔ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን አዲስ የትምህርት ቤት ሹራብ ገልብጬ ስፌቱን በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ "ቀስት ሞተች" አለችኝ። እኔም ከሹራቡ ቀና ሳልል፣ "የት ጋ?" አልኳት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሰው ሞት አይጠየቅም። ፋብሪካው ውስጥ ግን አንዲት ሠራተኛ ጉድለት አለ ስትል ሁላችንም የምንመልሰው እሱን ነበር፤ ምላሴ ላይ ቀርቷል። ሰዓዳ ገብቷት ፈገግ ልትል ከጀላት፣ ከዚያ ተወችው።

ልብስ መገልበጡም ከእሳቸው የቀረብኝ ነው። ልጄ ማህሌት አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ገልብጣ ያልዳሰሰችውን ልብስ ለብሳ አታውቅም፣ ካልሲ እንኳ ቢሆን። ሱቅ ውስጥ "እማ፣ ሰው ያየናል" እያለች ክንዴን ትጎትተኛለች። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ጫፍ ሳልደርስ አልተውም።

ፋብሪካ የገባሁት ከተማው በሙሉ በሚቆፈርበት ጊዜ ነበር። ከሲኤምሲ እስከ አያት መንገዱ ተገላብጦ፣ ለባቡሩ ሐዲድ ብረቱ ተከምሮ፣ አቧራው ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። አምና ጤፍ ተዘርቶበት ያየነው ማሳ ላይ ዘንድሮ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ቆሞ እናገኘዋለን። የእኛም ፋብሪካ እንዲህ ከአያት ወዲያ ከበቀሉት አንዱ ነበር። ስሙን አልጽፍም። የውጭ አገር ገዢ ነበረው፣ የሚሰፋውም የሕፃናት ልብስ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የማህሌት አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። ክር ቆራጭ ሆኜ ስቀጠር፣ ማለትም ከተሰፋው ልብስ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በመቀስ የማጸዳ ሆኜ፣ ሰማይ የተከፈተልኝ ነበር የመሰለኝ።

ወይዘሮ ዘነበች የጥራት ኃላፊያችን ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጠበበ፣ ነጭ ጋዋናቸው ላይ አንዲት እድፍ የማይገኝባቸው ሴት። ድሮ በመንግሥት ፋብሪካ የወታደር ልብስ ሲሰፉ ነው የኖሩት። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጥፍር መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር የሚያድገው፤ በልጅነታቸው የማሽን መርፌ ከላይ ገብቶ ከታች ወጥቶበታል ይባላል። የሚፈትሹት በዚያው ጣት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ስፌቱን ከወገብ እስከ እግር ይሄዱበታል። ጣታቸው ከቆመ የሰፋችው ልጅ ትንፋሽም ይቆማል። ከዚያ ከኪሳቸው ጥቅል ያወጣሉ፤ ቀይ፣ የቀስት ቅርጽ ያለው፣ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። አንዷን ቀስት ልጠው ጫፏን ወደ ጉድለቱ አዙረው ይለጥፉና ቃል ሳይናገሩ ያልፋሉ።

ቀስት ያልናቸው በዚህ ነው። እሳቸውም ያውቁ ነበር። እትዬ ማለት ግን አልተፈቀደም። አንዷ ለምዶባት እትዬ ዘነቡ ብትላቸው፣ እትዬ የሚባለው ሰፈር ነው፣ እዚህ ወይዘሮ በይኝ አሏት። እኛን ደግሞ በስማችን ጠርተውን አያውቁም። እያንዳንዷ ማሽን ቁጥር አላት፤ በዚያ ማሽን የተሰፋ ልብስ ኪስ ውስጥ ያ ቁጥር ያለባት ብጣሽ ወረቀት ትገባለች፣ ጉድለት ቢገኝ ከማን እንደመጣ ወደ ኋላ ለመከተል። እሳቸው ሰውንም በዚያው ቁጥር ይጠሩ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አዲስ የገባነውን ሴቶች ግድግዳ አስደግፈው፣ ደንበኛችን ማን እንደሆነ ጠየቁን። አንዷ ውጭ አገር ያለው ገዢ ነው አለች። ሌላዋ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራች ናት፣ ከእኔ ተቀብላ የምትሰፋው ቀጣይዋ ሠራተኛ ናት አለች። ለሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል" አሉ። "ደንበኛሽ መናገር የማይችል ነው። ሲርበው ያለቅሳል፣ ሲወጋውም ያለቅሳል። እናቱ ራበው ብላ ጡት ትሰጠዋለች። የወጋሽው አንቺ መሆንሽን ማንም አያውቅም።" ከዚያ የጋዋናቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። "እኔ ግን አውቃለሁ።"

ሌሎቹ ተጠቃቀሱ። እኔ ግን የሁለት ዓመት ልጅ ቤት ጥዬ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራቸው ነበር፣ ደግሞም አምናቸው ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መጥፎ ነው።

ጉድለት ሦስት ደረጃ አለው ይሉ ነበር። ሰው የሚጎዳው ከባድ፣ ገዢው የሚመልሰው ዋና፣ ገዢው ሳያየው የሚያልፈው ቀላል። የሚጠሉት ቀላሉን ነበር፤ ከባዱ ይጮሃል፣ ቀላሉ ነው ዝም ብሎ ቤት የሚገባው ይላሉ። ሰውንም በዚሁ ይከፍሉ ነበር። አንድ ቀን ለሻይ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው በእያንዳንዳችን ላይ አገጫቸውን እያነሱ ቀላል፣ ቀላል፣ ዋና፣ ቀላል ሲሉ ሰማኋቸው። ዋና የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ምን እንዳዩብኝ ሳሰላስል ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አለኝ።

ሌላ ቀን የጋዋኔ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ መጣሁ። አልተቆጡም። ቀስቷን ልጠው ደረቴ ላይ ለጠፏትና እስከ ማታ እንዳላነሳት ነገሩኝ። ይቅርታ ብላቸው፣ "ይቅርታ የሚባል ስፌት የለም" ብለው አለፉ። እኔም እንደታዘዝኩት ዋልኩ። ሰርቪስ ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ እያየኝ ለምን እንደሚስቅ አልገባኝም፤ ጋዋኑን ሳወልቅ ቀስቷን ነቅዬ ሹራቤ ላይ መለጠፌን ረስቼዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ እጄ ነው የለጠፋት። ቤት ስደርስ ማህሌት ነቀለቻትና ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት። ልጄን በዚያ ቀስት ሳያት ደነገጥኩ፤ ስልጠው ቆዳዋ ቀላ፣ አለቀሰች።

ከእሳቸው ከተማርኩት ሁሉ አንዱን ዛሬም ለሰው አስረዳለሁ፤ በማረምና በእርምት እርምጃ መካከል ያለውን ልዩነት። የተበላሸውን ልብስ ፈትቶ መስፋት ማረም ነው። ያበላሸውን ነገር ፈልጎ ዳግመኛ እንዳይመጣ ማድረግ የእርምት እርምጃ ነው። ገና ያልተበላሸውን ቀድሞ ማስቀረት ደግሞ መከላከል ይባላል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነገር ነው። በእሳቸው እጅ ግን ማረም ልብሱን ነው፣ የእርምት እርምጃ ሠራተኛዋን ማባረር ነው። መከላከል ምን እንደሆነ ያየነው በሰዓዳ ላይ ነው።

ያኔ ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምር አሠልጣኝ መጣልን። ቀጭን፣ መነጽር ያለው፣ ሰው ሲያናግር ጎንበስ የሚል ጨዋ ሰው። ከማጣራት እስከ ማዝለቅ ያሉትን፣ በማ ስለሚጀምሩ አምስቱ ማዎች የሚባሉትን የሥራ ቦታ ሕጎች ግድግዳ ላይ ለጥፎ መቀሳችንን፣ ክራችንን፣ መጥረጊያችንን ሳይቀር ቦታ አሲዞ ስም አስጻፈበት። በመጨረሻው ቀን ደግሞ አምስት ጊዜ ለምን ብሎ መጠየቅን አስተማረን። አንድ ጉድለት ስታገኙ ለምን በሉ፣ መልሱን እንደገና ለምን በሉት፣ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ የነገሩን ሥር ታገኙታላችሁ አለን። ለምሳሌ የሚሆን እውነተኛ ጉድለት ስጡኝ አለ።

ወይዘሮ ዘነበች የሰዓዳን ሱሪ አንስተው ሰጡት። ሰዓዳ ያኔ ከወሎ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አርባ ሁለት ቁጥር ማሽን ላይ የምትሠራ፣ ከሁላችን ፈጣኗ። ያን ሳምንት ግን ስፌቷ ይዘል ነበር። አሠልጣኙ ሊጀምር ሲል ሱሪውን መልሰው ከእጁ ወሰዱትና፣ እኔ ልጠይቅ አሉ። ሰዓዳ ተነስታ ቆመች።

"ለምን ዘለለ?"

"ክሩ ላልቶ ነው።"

"ለምን ላላ?"

"ሳልፈትሸው ጀመርኩ።"

"ለምን ሳትፈትሺው?"

"እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ።"

"ለምን?"

ሰዓዳ ወለሉን አየች። "ነፍሰ ጡር ነኝ" አለች። ለማናችንም አልነገረችንም ነበር።

"ለምን አረገዝሽ?"

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፣ በአፍንጫ የወጣ። የሳቅኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዘነበች ጥያቄውን ጠይቀው ፊታቸውን ወደ እኛ ወደ ክር ቆራጮቹ አዙረው ነበር፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ያረፈ መሰለኝና ሳቅኩ። ሰዓዳ ዞር አላለችም። ሳቁ ጀርባዋን ሲነካው ግን አየሁ፤ ውሃ ጠብ እንዳለበት ሰው።

አሠልጣኙ መነጽሩን አውልቆ፣ ወይዘሮ፣ አምስተኛው ለምን ሰው ላይ አያርፍም፣ አሠራር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ወንበሩ ይሆናል፣ መብራቱ ይሆናል፣ የእረፍት ሰዓቱ ይሆናል አላቸው። እሳቸውም በትሕትና ነው የመለሱለት። "አንተ ነገ ትሄዳለህ፣ ልጄ። ሱሪው ሰኞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።"

ሰኞ ሰዓዳ አልነበረችም። ሆዷ ገና አልገፋም፣ ስፌቷም ሊስተካከል ይችል ነበር። መከላከል ነው ተባለ። በዚያው ጠዋት ወይዘሮ ዘነበች እኔ ጋ መጥተው መቀሱን ከእጄ ተቀበሉና በሰዓዳ ማሽን ላይ አስቀመጡኝ። መስፋት የምሳ ሰዓቴን እየሰዋሁ ተምሬ ነበር። ወንበሩ ላይ የሰዓዳ ትራስ ነበረ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሠራችው። አላነሳሁትም፤ ተመችቶኝም ነበር። አርባ ሁለት ተባልኩ።

የሕፃን ልብስ በሚሰፋበት ቤት ትልቁ ሕግ የመርፌ ሕግ ነው። መርፌ ከተሰበረ ማሽኑ ይቆማል። ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ተፈልጎ በስኮች ቅጽ ላይ ይለጠፋል፣ ሙሉ መርፌ መሆኑ ታይቶ ይፈረማል፣ ከዚያ ነው አዲስ መርፌ የሚሰጠው። ጫፉ ከጠፋ በዚያ ሰዓት አካባቢ የተሰፋው ሁሉ ይታገዳል፣ እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን ይይዘዋል። የእኔ መርፌ በተሰበረበት ሳምንት ግን ማሽኑ ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቶ አቡጀዲ ለብሶ ቆሞ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ገዢው እንዳይሰማ ብሏል ተብሎ ተንሾካሾክን።

ሕጉ ጥሩ ነው። እኛ ግን ከሕጉ ጎን ሌላ ነገር አበጅተን ነበር። ያንኑ ዓይነት መርፌ መርካቶ ይገኛል። ገዝተን ቤት ወስደን በፒንሳ እንሰብረውና ጫፉን በስኮች ጠቅልለን ባጃችን ውስጥ ከፎቷችን ጀርባ እንይዘው ነበር፣ ለክፉ ቀን። ሁላችንም ነበረን። አንዷ ጫፍ ከጠፋባት ያን አውጥታ ትለጥፋለች፣ ሥራው ይቀጥላል። የሚጮኸው ማሽን አለ፣ እሱ ይይዘዋል እንል ነበር።

መርፌዬ የተሰበረው ሐሙስ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ዝሆን የተሳለበት የልጅ ሱሪ ወገብ ላይ ላስቲክ ስሰፋ። ጭረቱን ሰማሁ። የላይኛው ስባሪ ማሽኑ ላይ ቀረ፣ መሐለኛውን እግሬ ሥር አገኘሁት። ጫፉ የለም። ወንበሩን አነሳሁ፣ ጋዋኔን አራገፍኩ፣ በማግኔት ወለሉን ጠረግኩ። ሰዓቱ ይሄዳል። ሰርቪስ የሚንቀሳቀሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማህሌትን የምትጠብቅልኝ ሴት አሥራ አንድ ተኩል ላይ አትላስ ያለ ሆቴል ዕቃ ለማጠብ ትወጣለች፤ ከዘገየሽ በር ላይ ትቻት ነው የምሄደው ብላኛለች፣ አድርጋውም ታውቃለች። አንድ ጊዜ አምልጦኝ ስደርስ፣ ማህሌት ለፎቅ መሠረት በተቆፈረ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ ጠጠር እየወረወረች ነበር። እግሯ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ።

ባጄን ከፈትኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ቅጹን ተቀብለው በማጉያ መነጽር አዩት። ለረጅም ጊዜ። ሙሉ ነው? አሉኝ፣ ሙሉ ነው አልኩ። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። እሳቸውም ፈረሙ። ሰርቪሱን ደረስኩበት። ማህሌት ሴትዮዋ ጀርባ ላይ እንደታዘለች አገኘኋት።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛቸው ጋ አስጠሩኝ። ቅጹና አንዲት ሱሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው አሉኝ። ልጅ እንዳለኝ ማወቃቸውን አላውቅም ነበር። ሁለት አልኳቸው።

"ይሄም የሁለት ዓመት ነው። ትናንት ከሰፋሻቸው ዓይኔን ጨፍኜ ያነሳሁት ናሙና ነው። ዕቃው ነገ ይጫናል። ወስደሽ አልብሻት፤ ነገ ጠዋት ለብሳው ይዘሻት ነይ። በር ላይ አያታለሁ።"

የሚያውቁ ይሁን የሚጠረጥሩ ፊታቸው አይናገርም።

ቤት ስደርስ ሱሪውን ገለበጥኩት። እንደሳቸው ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት፣ ከእግር እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ እግር። የወገቡ ላስቲክ በአራት እጥፍ ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው፤ እያንዳንዷን እጥፋት በጥፍሬ ተጫንኳት። ምንም የለም። ታዲያ እዚህ ከሌለ ሌላው ውስጥ ነው፣ ከተቀሩት ሦስት መቶ በሚሆኑት ውስጥ፣ በካርቶን ታሽጎ። ናሙናው ንጹህ ነው፣ ላልብሳትና ልውሰዳት አልኩ። ማህሌት ዝሆኑን አይታ ጮቤ ረገጠች። አንድ እግሯን አስገባሁ። ሁለተኛው ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አወለቅኩት። ዝሆኔን አምጪ እያለች ስታለቅስ አመሸች።

ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆመው ነበር። ሠራተኛው በጎናቸው ይገባል። ብቻዬን መሆኔን አዩ።

"ለምን አላመጣሻትም?"

"አላለበስኳትም።"

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

"ለምን ፈራሽ?"

"የለጠፍኩት ጫፍ የሌላ መርፌ ነው።"

"ለምን ለጠፍሽ?"

"ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ።"

"ለምን?"

"ልጄ ብቻዋን በር ላይ ትቀራለች።"

የሚገባው ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ሁሉም እስኪሰማ ጠበቁና፣ "አሁን ደንበኛሽን አወቅሽው" አሉኝ።

ጭነቱ ታገደ። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ ጮኸ፤ ቅጹ ሙሉ ነው፣ ተፈርሟል፣ ምን ትፈልጊያለሽ አላቸው። ለካ ቅጹ ሙሉ እስከሆነ ድረስ የእኔ ቃል ከሌለ ዕቃውን የሚያስቆሙበት መንገድ አልነበራቸውም። እሳቸው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አስከፍተው ሱሪዎቹን እኔ ፊት አስከመሩ። ማንም እንዳይረዳኝ አዘዙ። ያለ ምሳ ዳሰስኩ። ከሰዓት ላይ የጣቴ ጫፍ ተልጦ ደም አወጣ። አይተው መጡ፤ ያዘኑልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ደም ያረፈበት ልብስ ከባድ ጉድለት ነው ብለው ጣቴን በስኮች ጠቀለሉትና በሌላኛው ቀጥዪ አሉኝ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የአንዷ ሱሪ ወገብ ውስጥ፣ ላስቲኩ ከስፌቱ በሚገናኝበት ቦታ፣ አንዲት የምስር ክክ የማታክል ነገር ጣቴን አስቆመችው። ገልብጬ ስጫነው ጫፏ ብቅ አለች፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ልጁ ወገብ በሚሆነው በኩል። አገኘሁት ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ብዙ የለም።

ወይዘሮ ዘነበች በወረንጦ አነሷት። በማጉያው ከስባሪው ጋር ገጠሟት፤ ልክ ነች። ከውሸቷ ጫፍ ጎን ለጠፏትና እንደገና አስፈረሙኝ። ከዚያ ቅጹ ግርጌ መንስኤ በሚለው ቦታ ጻፉ። ማንበብ ቀስ ብዬም ቢሆን እችላለሁ። የጻፉት አርባ ሁለት ብቻ ነው።

በሕይወቴ ከእሳቸው ጋር የተከራከርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሚጮኸው ማሽን ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም፣ እሱስ አይጻፍም ወይ አልኳቸው።

"ማሽኑን ምን ብዬ ልጠይቀው?" አሉ። "ልጅ የለው።"

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ባጄን ነው የፈለጉት። ከፎቶዬ ጀርባ ያለውን ባዶ ስኮች አውጥተው አዩትና ባጁን ኪሳቸው ከተቱት። ለማህሌት የሰጡኝን ሱሪ መልሺ አላሉኝም። እስከ ዛሬ አለ፤ ማንም አልለበሰውም።

ወይዘሮ ዘነበችን ትጠያቸዋለሽ ወይ ያሉኝ ሰዎች አሉ። የት እንዳለ የማላውቀው ልጅ ወገቡን ሳይወጋ አድጓል፣ በእሳቸው ነው። እኔ ልጄን ጎኔ አስቀምጬ አያት መንገድ ዳር ድንች የሸጥኩባቸው ዓመታትም በእሳቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ ቅጽ ላይ ስለጥፋቸው አይገጥሙልኝም።

አራብሳ ቤት ደርሶኝ ስገባ፣ ደረጃው ላይ ልጅ ይዛ ጀሪካን ተሸክማ ያገኘኋት የመጀመሪያዋ ሰው ሰዓዳ ነበረች። አንቺም ተባረርሽ? እሰይ፣ ብላ ስቃ አቀፈችኝ። ልጇ ሐያት ትባላለች፤ ከማህሌት በሁለት ዓመት ታንሳለች፣ የማህሌት ሹራቦች ሁሉ ለእሷ ይወርዳሉ። ስለዚያ ቀን ስልጠና አንሥታ አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና ማን እንደሳቀ አላየችም ብዬ ስንት ዓመት ተጽናናሁ።

ለቅሶ አብረን ሄድን። ወይዘሮ ዘነበች ሲኤምሲ አካባቢ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለች ክፍል ነበር የሚኖሩት፣ ብቻቸውን፤ የሞቱትም ከአጭር ሕመም በኋላ ነው። ድንኳኑ ትንሽ ነው፣ ግማሹ ወንበር ባዶ። ቤት ስንገባ ሁሉም ነገር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ የውጭ ጫማ፣ የቤት ጫማ። አምስቱን ማዎች ቤታቸው አስገብተዋቸዋል። ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ወደ ግራ አዘንብሏል። ተነስቼ አቃናሁት። አንዲት ሴትዮ ፍቅር መስሏት ደረቷን መታች።

የእህታቸው ልጅ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ከፋብሪካው አልናት። ፊቷ በራ። አክስቴ ስለ እናንተ ስታወራ በስም አታወራም ነበር፣ በቁጥር ነው አለችን።

"አርባ ሁለት የምትባል ነበረች። ሁልጊዜ ታነሳታለች፤ እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም፣ ያለ ጊዜዋ ነው የወጣችው ትል ነበር። ታውቋታላችሁ?"

ሰዓዳ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን። የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቅንም። እናውቃታለን አለች ሰዓዳ።

ስንመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰዓዳ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

"ያኔ ለምን ሳቅሽ?" አለችኝ።

ወያላው ሒሳብ እያለ ነበር። የእሷንም ከፈልኩ።

"ፈርቼ" አልኳት።

"ለምን ፈራሽ?"

"ልጅ ነበረችኝ፣ ሰዓዳ።"

ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ወይዘሮ ዘነበች ስፌት ላይ ጣታቸው ሲቆም ዓይናቸውን ገልጠው እንደሚያዩት ነበር ያየችኝ።

"እኔስ?" አለች።

አራብሳ ደረስን፣ ወረድን። ሐያትና ማህሌት ደረጃው ሥር አንድ ሹራብ ለሁለት ተከናንበው ይጠብቁን ነበር።